የመክ ሊጃ ምስክሮች

የመክ ሊጃን ድምፅ ለመስማት ባቾክ ገበያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ገና ጀልባቸውን አሸዋው ላይ እየጎተቱ እዚያው ባሕሩ ዳር ይሰሟታል። የማስ ቾቴክ ቅጠል አለ ትላለች፣ ወንዱም አለ ሴቷም አለች ትላለች፣ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ያረጋገጠችው ነው ትላለች። ከዚያ ትንፋሽ ወስዳ፣ ያልሰማ ሰው ያለ ይመስል፣ «ልጄ» የምትለዋን ብቻ ነጥላ ትደግማታለች። ይቺ ሴት የባሕር አሸዋ ብትሸጥም ገዢ የምታጣ አይደለችም።

ማስ ቾቴክ የሾላ ዘር ናት። እንደ ሾላና እንደ ዋርካ ግን ሰው አታስጠልልም፤ ባሕር ዳር ቁጥቋጦ ሆና ትበቅላለች፣ ወይም ሌላ ዛፍ ትከሻ ላይ ወጥታ ትቀመጣለች። ፍሬዋ ሽምብራ ቢያክል ነው። ቅጠሏን ግን የማይፈልጋት የለም። አራስ ትጠጣታለች፣ ወገቡን ያመመው ይጠጣታል፣ ሚስቱ ፊት የነሳችው ባል ተደብቆ ይጠጣታል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ስኳር ያለበት ሁሉ ይጠጣታል። ስኳር ያለበት ሰው ባቾክ ባለችበት በኬላንታን ግዛት ሞልቷል። ዓሣ ወጥ ውስጥ ሳይቀር ስኳር የሚጨመርበት አገር ነው፤ ሻይማ ከንፈር ካላጣበቀ ሻይ አይባልም። መክ ሊጃ ራሷ የቅጠሏ ሻይ መረር ሲላት የኮኮነት ስኳር ጣል ታደርግበታለች። መድኃኒቱ እዚያው ውስጡ አይደል፣ ስኳሩን እዚያው ይጨርሰዋል ባይ ናት።

ሙያው የዘር ነው። አያቷም እናቷም አዋላጆች ነበሩ፤ የባቾክ ሽማግሌ ሁሉ በእነሱ እጅ ነው የተወለደው። ሰፋ፣ ክብ ያለውን ቅጠል ሴት፣ ጠበብ ረዘም ያለውን ወንድ ብሎ መለየትን፣ ለአራስ እንዲህ፣ ለጎልማሳ እንዲያ አድርጎ መቀላቀልን ያስተማሯት እነሱ ናቸው። አዋላጅነቱን ሆስፒታል ወሰደባት፤ ቅጠሉ ብቻ ቀረላት። ለዚህ ነው ልጇ ሱሪያኒ ይቺኑ ቅጠል ላጥና ብላ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሰፈሩን ሙሉ ጠርታ ያበላችው።

ሱሪያኒን ቤት ውስጥ ያኒ ነው የሚሏት። ያኒ ነጭ ጋውን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ለእናቷ በስልክ ልካላት ነበር፤ መክ ሊጃ አሳትማ፣ ላስቲክ አስለብሳ ጉሊቷ ላይ ሰቀለችው። ያኒ ለዕረፍት መጥታ ገበያ ስትገባ መጀመሪያ የተቀበላት የራሷ ፊት ነው። ጠጋ ብላ አየችው። የፎቶው አንድ ጎን በመቀስ ተቆርጧል።

«አይጧ የት ሄደች?» አለች።

«ቆረጥኳት» አለች መክ ሊጃ። «አይጥ እያየ ማን መድኃኒት ይገዛል?»

«እማ፣ መድኃኒቱን የጠጣችው እኮ እሷ ነች።»

አጠገባቸው ዓሣ የሚገዙ ሴቶች ሳቁ፤ መክ ሊጃም አብራ ሳቀች፤ ያኒ ግን አልሳቀችም። እዚያው ጉሊቱ ጥግ ቁጭ ብላ፣ ምናልባትም ለመቶኛ ጊዜ፣ ማስረዳት ጀመረች። ቅጠሏ ውስጥ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጠውን ኢንዛይም የሚያዘገዩ ውህዶች ተገኝተዋል። ስኳር የያዛቸው አይጦች የቅጠሏን ጭማቂ ሲጠጡ ስኳራቸው ወርዷል። ይሄ እውነት ነው፣ ደስም ይላል። ሰው ላይ ግን የተሞከረው ትንሽ ነው፣ የታወቀውም ትንሽ ነው፤ ስንት ይጠጣ፣ ለማን ይሁን፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ይስማማል አይስማማም፣ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። መክ ሊጃ እስከ «ወርዷል» ድረስ በደንብ አዳመጠች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ የደንበኛ ፌስታል ማሰር ቀጠለች።

የወንድና የሴት ቅጠሉም ነገር እንዲሁ አጣላቸው። ያኒ በምላጭ ትንንሾቹን ፍሬዎች ሰንጥቃ ታሳያት ነበር። የዛፏ ጾታ የሚታወቀው ፍሬዋ ውስጥ እንጂ በቅጠሏ ቅርፅ አይደለም፤ አንዱ ዘር ይይዛል፣ ሌላው የምታዳቅላቸው ትንሿ ተርብ የምትፈለፈልበት ቤት ነው፤ ሰፊ ቅጠል ያላትም ወንድ ልትሆን ትችላለች አለቻት። መክ ሊጃ ፍሬውን ወደ ብርሃን ያዝ አድርጋ አየችና፣ ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ፣ የዛፍ ቀሚስ ገልበሽ እንድታዪ፣ ብላ ገበያውን በሳቅ ገደለችው።

ከሁሉም በላይ ግን ምስክሮች ነበሯት። አንዷ ቼ መሎር ናት፤ ጎኗ ተቀምጣ ቡዱ የሚባለውን የዓሣ ስልጆ የምትሸጥ፣ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዋ። ሌላው ፖክ ደራማን ናቸው፤ ጀልባ ሲሠሩ ኖረው አሁን መስጊድና ቤታቸው መካከል የሚመላለሱ ሽማግሌ። ሁለቱም ስኳር አለባቸው፤ ሁለቱም የቅጠሏ ደንበኞች ናቸው። የፖክ ደራማን ምራት መለኪያ አላት፤ ጣታቸውን እዚያ ተወግተው ሲመለሱ በመክ ሊጃ በኩል ያልፋሉ። ቼ መሎር ከሩቅ እጇን ወደ ታች ዝቅ ታደርጋለች፤ ወረደ ማለቷ ነው። ፖክ ደራማን ደግሞ ቀረብ ብለው፣ ቅጠልሽ ነው ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ፣ ይሏታል። ያን ቀን መክ ሊጃ ምሳም አትበላ፣ በደስታ ብቻ ትጠግባለች።

«የአንቺ ምስክር አይጥ ነው» አለቻት ለያኒ። «የኔ ምስክሮች በሁለት እግራቸው ይሄዳሉ፣ አምስት ወቅት ይሰግዳሉ፣ ደግሞ አይዋሹም።»

እዚህ ላይ ያኒ የማታውቀው አንድ ነገር ነበር። መክ ሊጃ ራሷ ስኳር አለባት። ከዓመታት በፊት ራሷን ሲያዞራት ጤና ጣቢያ ሄዳ ተነግሯታል፤ ክኒንም ተሰጥቷታል። ክኒኑን ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከትታ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ቅጠል ሻጯ ክኒን ልትቀበል ተሰልፋ ብትታይ ማን ቅጠል ይገዛታል? ይሄ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ የከበደ ነው፤ መክ ሊጃ ከልቧ ታምን ነበር። ቅጠሏ መሎርን ካዳነች፣ ደራማንን ካዳነች፣ በእጇ የምትለቅማትን እሷን እንዴት አታድናትም?

ታዲያ ያኒ ከመምጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ዓሣ ተራ ውስጥ ስታልፍ የዓሣ እሾህ ነጠላ ጫማዋን በስቶ የግራ እግሯን ትንሿን ጣት ወጋት። አላመማትም። የወጋት መሆኑንም ያወቀችው ማታ ደም አይታ ነው። ባያመኝ ጤነኛ ብሆን ነው ብላ በቅጠሉ ውኃ አጠበችው። አልዳነም። ቅጠሉን ወቅጣ ለጠፈችበት፤ አልዳነም። ጣቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አበጠ፣ ቀጥሎ ጫፉ ጥቁር እያለ መጣ። ዕድሜዋን ሙሉ በነጠላ ጫማ ብቻ የሄደች ሴት ካልሲ አደረገች።

ካልሲው ያልታሰበ ክብር አመጣላት። ለሴት እግርን መሸፈን እንዴት ያለ ደግ ነገር ነው፣ መክ ሊጃ በስተርጅናዋ ልብ ገዛች፣ ተባለ። የኢማሙ ሚስት ገበያ መሐል አቁማ መረቀቻት። ቼ መሎር ደግሞ፣ ምነው መክ፣ ሐጅ ልትሄጂ ነው እንዴ፣ ለኛ ሳትነግሪን፣ እያለች ታሾፍባታለች። መክ ሊጃም እየሳቀች መልስ ትመልሳለች። ሆዷ ግን ሌላ ነው። ፈርታ ነበር፣ በግልጽ እንናገረው። የዚህ በሽታ ቁስል ምን እንደሚያደርግ በገበያው ውስጥ ያላየ የለም። ማታ ማታ ካልሲውን አውልቃ ታየዋለች፣ መልሳ ትለብሰዋለች፣ ነገ ይሻለዋል ትላለች። የቅጠሉን ሻይ እጥፍ አድርጋ መጠጣት ጀመረች፤ ሲመራት ስኳሩንም እጥፍ አደረገችው።

የተያዘችው በውዱእ፣ ከሶላት በፊት በሚደረገው ትጥበት ነው። ያኒ አንድ ማለዳ ለሱብሂ ሶላት ተነስታ ወደ ጓሮ ስትወጣ እናቷ ቧንቧው አጠገብ ተቀምጣለች። ፊቷን ታጠበች፣ እጇን ታጠበች፣ ራሷን አበሰች፤ እግሯ ላይ ስትደርስ እርጥብ መዳፏን በካልሲው ላይ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ብድግ አለች።

«እማ» አለች ያኒ፣ «ከመቼ ወዲህ ነው በጨርቅ ካልሲ ላይ ውዱእ የሚደረገው?»

መክ ሊጃ አርጅቻለሁ፣ ጎንበስ ማለት አቅቶኛል አለች። ያኒ ትናንት የቅጠሉን ጆንያ ከሞተር ላይ ያወረደው ማነው አለች። መክ ሊጃ፣ በእናቱ ሶላት የሚገባ ልጅ ጀነትን አያሸትም የሚል ሐዲስ እዚያው ፈጠረች፤ አላህ ይቅር ይበላት። ያኒ ግን እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከችና ካልሲውን ሳብ አደረገችው።

ያኒ በትምህርቷ ብዙ ነገር አይታለች፤ የሞተ አይጥ ከፍታለች፤ አፍንጫዋን ይዛ አታውቅም። ያን ማለዳ ግን የእናቷን እግር በሁለት እጇ ይዛ ቀረች፤ እንባዋ ከቧንቧው ውኃ ጋር እየተቀላቀለ ይወርዳል። ክኒን ተሰጥቶሽ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀቻት። መክ ሊጃ በአገጯ ወደ ቁም ሳጥኑ አመለከተች። ያኒ ገብታ ቆርቆሮውን ስታወርደው ክኒኑ እንዳለ ነው፤ አንዱም ከወረቀቱ አልወጣም።

«አንቺ አይደለሽ ያረጋገጥሽው?» አለች መክ ሊጃ። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ነበር፤ ገበያ ውስጥ የሚያውቃት ሰው ቢሰማ የሷ ነው አይልም። ወቀሳ አልነበረም፤ እንደ ልመና ነበር።

«አንቺ ላይ አላረጋገጥኩም እማ። አይጥ ላይ ነው። አይጧን አንቺ ቆረጥሻት፣ እኔም ፎቶውን ሳላወርድ ማለፍ አልነበረብኝም።» አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች። «ይሄ እግር ቢሄድ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ፎቶዬ እዚያ ተሰቅሎ እንዴት ብዬ እኖራለሁ?»

እናት እንዲህ ያለውን መቻል ከየት ታመጣለች? በእግርሽ፣ በነፍስሽ ቢሏት ኖሮ እስከ ማታ ትከራከር ነበር። ልጇ በራሷ ስትፈርድ ግን አንጀቷ አልቻለም። እሺ አለች። ጤና ጣቢያ እንደተከፈተ፣ ሰው ሳይመጣ እንደርሳለን፣ በጓሮው መንገድ እንሄዳለን፣ ዣንጥላውን ዝቅ አድርገን እንይዛለን፣ ሰው ካየኝ ግን አንቺና እኔ ተጣላን፣ አለች። ያኒ ሁሉንም እሺ አለቻት። ያ ቀን በጤና ጣቢያው የስኳር በሽተኞች ተራ መሆኑን ያኒ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም፣ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለችም።

ዝናብ የለም፣ ፀሐይም ገና አልበረታችም፤ እናትና ልጅ በአንድ ዣንጥላ ሥር እየተጋፉ ጤና ጣቢያው በር ደረሱ። መክ ሊጃ ራሷን ዝቅ አድርጋ ገባች። ውስጥ አግዳሚዎቹ ሁሉ ሞልተዋል። መክ ሊጃ ከዣንጥላው ሥር መጀመሪያ ያየችው እግሮችን ነው፤ ቀና ስትል ፊቶቹን አየች። የዓሣ ብስኩት የምትጠብሰዋ አለች። በአበባ ቀለም የተነከረውን ሰማያዊ ሩዝ የምትሸጠዋ አለች። የኢማሙ ሚስት ግድግዳው ጋ ተቀምጣለች። ፖክ ደራማን በመጀመሪያው ረድፍ፣ ቼ መሎር ከጎናቸው። የመክ ሊጃ ጉሊት ከነደንበኛው ተነስቶ እዚህ የመጣ ነው የሚመስለው።

ተያዝኩ አለች በልቧ። ሲስቁባት፣ ሲጠቋቆሙባት ጠበቀች። ማንም አልሳቀም። ይልቁንስ አንድ በአንድ ዓይናቸውን ሰበሩ። ፖክ ደራማን በድንገት መቁጠሪያቸውን አውጥተው ዚክር ያዙ። የኢማሙ ሚስት ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች። ቼ መሎር ጭኗ ላይ የነበረውን ፌስታል ቶሎ ብላ ሥሯ ከተተችው፤ ስትቀመጥበት ግን የክኒኑ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። መክ ሊጃ ያን ድምፅ ስትሰማ ነው የገባት። የተያዘችው እሷ ብቻ አይደለችም።

«መሎር፣ የተቀመጥሽበት ምንድን ነው?»

«ምንም… የጉንፋን ነው።»

«ይሄ ሁሉ? የማን ጉንፋን ነው፣ የአገሩ?»

ሰዉ ሁሉ ወለሉን ያያል። ከዚያ ፖክ ደራማን መቁጠሪያቸውን አስቀምጠው፣ አስታግፊሩላህ ብለው፣ በሽማግሌ ወግ ተናገሩ። ሁላችንም ክኒን እንወስዳለን ልጄ አሉ። ከመጀመሪያውም እንወስዳለን፤ ቅጠልሽንም እንጠጣለን፣ ክኒኑንም እንውጣለን። ታዲያ ስኳሩ ሲወርድ ክኒኑ ነው አውርዶት እንዴት እንበልሽ? ቅጠሉን አንድ በአንድ መርጠሽ፣ ጠርገሽ፣ አድርቀሽ፣ ጠቅልለሽ ነው የምትሰጪን። ወረደ ስንልሽ ፊትሽ ይበራል። ማን ጨካኝ ነው ያንን ፊት የሚያጨልመው?

መክ ሊጃ ቆማ ሰማች። እንደምትጮህ ያኒም፣ ነርሷም፣ ሁሉም ጠብቀው ነበር። እሷ ግን ዣንጥላውን አጥፋ፣ ቼ መሎር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና ካልሲዋን አወለቀች። ቼ መሎር እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ክኒኑንስ?» አለች ቼ መሎር ከእጇ ሥር። «አንቺ ክኒኑን…»

«አልወሰድኩም። ቅጠሉን ብቻ ነው የጠጣሁት። እናንተን አይቼ።»

ቼ መሎር ማልቀስ ጀመረች፤ ሳታፍር፣ እንደ ሕፃን።

«እኛ እኮ» አለች፣ «አንቺም እንደኛ ተደብቀሽ የምትወስጂ መስሎን ነው።»

መክ ሊጃ የምትናደድበት ሰው ቢኖር ይሻላት ነበር፤ ክፉ ሰው ፈልጋ በአዳራሹ ዙሪያ አየች፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉም ይወዷት ነበር። ሁሉም ላለማስከፋት ብለው ነው፤ እሷም እንደ ሞኝ ደግነታቸውን አምና እግሯን አስያዘች።

ነርሷ ስሟን ስትጠራ ያኒ ደግፋ አስነሳቻት። ነርሷ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው ጥያቄ አለ፤ የባህል መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ለዓመታት በየቀጠሮው «ኧረ የለም» እያለ ነው የኖረው፤ ከመክ ሊጃ ክኒኑን እንደደበቁት ሁሉ ከነርሷ ደግሞ ቅጠሉን ደብቀዋል፤ እሷንም ላለማስከፋት ነው። መክ ሊጃ ወደ ኋላ ዞር ብላ አየቻቸው። ከዚያ የገበያ ድምፅዋ ተመለሰላት።

«እጠጣለሁ። ማስ ቾቴክ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሁን አሁን አራት ጊዜ፣ በስኳር። እነዚህም ሁሉ ይጠጣሉ፤ የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ።»

ዶክተሯ ከክፍሏ ወጣች። ከምዕራቡ ጠረፍ የመጣች ወጣት ናት፤ የኬላንታን አነጋገር ግማሹ አይገባትም፤ ይሄኛው ግን ገባት። ማን ማን ነው የሚጠጣው ብላ ጠየቀች። መጀመሪያ ማንም እጁን አላወጣም። ከዚያ የኢማሙ ሚስት እጇን አወጣች፤ እሷ ካወጣች ማን ይቀራል? እጅ ሁሉ ወጣ። ፖክ ደራማን ደግሞ ነገሬ ሳይሉት የኖሩትን አንድ ነገር ተናገሩ። ባለፈው ጁምዓ ሰግደው ሲነሱ ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ወድቀው ነበር። ሰው የአምልኮ ብርታት ነው ብሎ አደነቃቸው፤ እሳቸውም አልተቃወሙም። ዶክተሯ ይሄንን ሰምታ ስኳራቸው ከመጠን በላይ ወርዶ ሊሆን ይችላል አለች። ከዚያ ያኒን አየቻት፤ ያኒም እሷን።

መክ ሊጃ ልጇን ጠጋ ብላ፣ እንግዲያው ቅጠሏ ትሠራለች ማለት አይደለም ወይ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። ክኒኑና ቅጠሉ ተደርበው ካወረዱት፣ ቅጠሉም የድርሻውን አውርዷል ማለት አይደለም? እንዲህ በቆሰለ እግር ላይ ቆማ እንኳ ለቅጠሏ ጠበቃ መሆኗ ያኒን ፈገግ አሰኛት።

«ሊሆን ይችላል» አለች ያኒ። «ቁርስ ሳይበሉ ወጥተውም ሊሆን ይችላል። ክኒኑ በዝቶባቸውም ሊሆን ይችላል። አላውቅም እማ። ማንም አያውቅም፤ ምክንያቱም እስከ ዛሬ ሁላችሁም ላለማስከፋት ስትሉ ዋሻችሁን።»

ሆስፒታል የሄዱት በዚያው ቀን ነው። ጣቷ ሊተርፍ አልቻለም። ሐኪሞቹ ግን ትንሽ ብትቆዪ እግርሽ ነበር የሚሄደው አሏት፤ መክ ሊጃም በአንድ ጣት እግሬን ገዛሁ ብላ ነርሶቹን አሳቀች። ነርሶቹ ሲወጡ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። ያቺ ጣት ትንሽ ናት፣ ለምንም አታገለግልም፣ ግን የሷ ነበረች። ያኒ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን አሻሸችላት። እናቷ ለቅጠሏ እያለቀሰች ይሁን ለጣቷ አልጠየቀቻትም።

አሁን መክ ሊጃ ገበያ ተመልሳለች፤ ትንሽ ታነክሳለች፣ ድምፅዋ ግን ደህና ነው። ቅጠል ትሸጣለች። ለአራስ ትሸጣለች፣ ለወገብ ትሸጣለች፤ ለዚህስ ምን ማስረጃ አለሽ እያለች ያኒ በስልክ ታደርቃታለች። ስኳር ያለበት ሲመጣባት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቀደም አንዲት ሴት ከሩቅ መንደር መጣች። ባሏ ክኒን ሰልችቶታል፤ ይቺን ቅጠል እየጠጣ ክኒኑን ይተው ይሆን ብላ ጠየቀች። መክ ሊጃ ሴትዮዋን ከነፌስታሏ አጠገቧ አስቀመጠቻትና፣ ካልሲዋን አውልቃ እግሯን በርጩማው ላይ ዘረጋችላት።

«ልጄ አይጥ ላይ አይታዋለች፤ የአይጧ ወርዷል» አለቻት። «እኔ እግሬ ላይ አይቼዋለሁ። ባልሽ ክኒኑን ይዋጥ። ሻዩን ከፈለገ ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙ እሺ ካለ ያን ጊዜ ነይ።» ሴትዮዋ ባዶ እጇን ተመለሰች። መክ ሊጃ ፌስታሏ ባዶ ሲሄድ እያየች ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን አልጠራቻትም።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ አዲስ ልማድ መጥቷል። ሐሳቡ የቼ መሎር ነው። ገበያው ሳይሞቅ ሁለቱ ጓደኛሞች በቅጠሉና በቡዱው መካከል በርጩማ አስጠግተው ይቀመጣሉ። ክኒናቸውን ከነወረቀቱ ያወጣሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ውኃ ብቻ። ቼ መሎር ጓደኛዋ ስትውጥ ዓይኗን አትነቅልባትም። ከዋጠች በኋላም አታምናትም።

«ክፈቺ» ትላታለች።

መክ ሊጃ አፏን ትከፍታለች። ቼ መሎር ጎንበስ ብላ፣ ምላስሽን አንሺ፣ ወዲህ፣ ወዲያ እያለች በደንብ ታያታለች። ከዚያ የራሷን ክኒን ትውጥና፣ ሳትጠየቅ፣ አፏን ለመክ ሊጃ ትከፍታለች።